የከተማን ፕላን በኅብረት ስለ መመርመር

አንድ ነጋዴ የከተማው ፕላን በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባየ ጊዜ አስቀድሞ ጣቱን የሚያሳርፈው በገዛ ሱቁ ላይ ነው። ሱቁ ካልተነካ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ከተነካም አቤቱታ ይጽፋል። ነገር ግን ሱቁ ሳይነካ ገበያው ቢዛወር፥ ወይም የጎርፉ መውረጃ ቢደፈን፥ የሱቁ መትረፍ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ፕላንን መመርመር የማኅበር ሥራ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቍጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲመክርበት፥ የመዋቅራዊ ፕላንም ዘመን 10 ዓመት እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ በምክክሩ ቀን ዝም ያለ ነጋዴ ለ10 ዓመት ዝም እንዳለ ይቈጠራል።

ነገሩ ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ነጋዴዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ቡሬ የባሕር ዳርና የነቀምቴ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ተመርቀውባታል። ፋብሪካ ሠራተኛን፥ ሠራተኛ ቤትን፥ ቤትም ውሃን ይጠራል። ከተማው በሰፋ ቍጥር የሚወስደው መሬት ግን ለገበያችን በርበሬና በቆሎ የሚያበቅለውን ማሳ ነው።

የመመርመሪያው መንገድ እንዲህ ነው። ከአስመጪ፥ ከላኪ፥ ከባለ ሱቅና ከጉሊት ነጋዴ የተውጣጡ አምስት አምስት ሰዎች በቡድን ይቀመጡ፤ ለየቡድኑም አንድ ጥያቄ ይሰጥ።

1ኛ፤ ውሃ፦ የክረምቱ ጎርፍ በየት ይወርዳል? የሚጠጣውስ ውሃ ከሚጨመረው ሕዝብ ጋር ይመጣጠናልን?

2ኛ፤ መንገድና ገበያ፦ አውራ ጎዳናው በፍኖተ ሰላምም በቡሬም መካከል ያልፋል፤ የጭነት መኪና የሚያራግፍበት ስፍራ ከገበያተኛው ተለይቷልን?

3ኛ፤ እርሻ፦ ወደ ማሳው ከመሻገር በፊት በከተማው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ተቈጥሯልን? መሬቱን የሚለቀው ገበሬ በምን ይኖራል? ገበሬው ከደኸየ ደንበኛችን ደኸየ።

4ኛ፤ ድልድል፦ በሀገራችን የከተማ ፕላን መርሕ ከመቶ 30 ለመንገድ፥ 30 ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፥ 40 ለሕንፃ ነው፤ ይህ ተጠብቋልን?

እያንዳንዱ ቡድን በፕላኑ ላይ ያገኘውን ማስረጃ እየጠቀሰ «ይበቃል»፥ «ይጐድለዋል»፥ ወይም «አልተነገረም» ብሎ ይጻፍ። ከዚያም ወደ ስፍራው በእግሩ ይሂድ፤ በወረቀት ላይ ሜዳ የተባለው ረግረግ ሆኖ ይገኝ ይሆናልና። በመጨረሻ ሁሉም ተገናኝተው ይከራከሩ። ላኪው ሰፊ መንገድ ይሻል፤ ባለ ሱቁ ሱቁ እንዳይፈርስ ይሻል። ይህ ክርክር ነውር የለበትም፤ ኋላ በግሬደር ፊት ከሚደረግ ልቅሶ ይሻላል። የተስማሙበትም ያልተስማሙበትም በአንድ ደብዳቤ ተጽፎ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱና ለከተማው ምክር ቤት ይቅረብ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፥ ለብቻ ሲያዩት የሚከብደው ፕላን ተካፍለው ሲያነቡት ይቀልላል።