ሁለት ወዳጆች በስሜን ተራራ

ብስክሌት ሁለት መንኰራኵር ያለው፥ ሰው በእግሩ እየረገጠ የሚነዳው መሣሪያ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. ካርል ፎን ድራይስ የሚባል የጀርመን ሰው የመጀመሪያውን ከእንጨት ሠራ። ያም መርገጫ አልነበረውምና የተቀመጠበት ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም በአየር ለሚነፋ የብስክሌት ጎማ የፈጠራ መብት ተቀበለ። በአየር በተነፋው ጎማ ምክንያት ሰው በጠጠርና በተራራ መንገድ እንኳ ሳይንገላታ መሄድ ቻለ።

ሁለት ወዳጆች በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር። አንዱ ብርቱና ፈጣን ነበረ፤ ሁለተኛው ግን ዝግተኛና ታጋሽ ነበረ። የዝግተኛው አያት ከስሜን ተራራ ማዶ በጃን አሞራ ይኖሩ ነበር፤ ካያቸውም ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ስለዚህ ለአያቱ ጋቢ ገዛና ወዳጁን፦ «ወንድሜ ሆይ፥ በብስክሌት አብረን እንሂድ» አለው። ብርቱውም ደስ ብሎት እሺ አለ።

ስንቃቸውንና ብርድ ልብሳቸውን፥ የጎማ መለጠፊያና መንፊያም በብስክሌታቸው ላይ አስረው ከደባርቅ ተነሡ። የስሜን ተራራ የዱር አራዊት የሚጠበቁበት ስፍራ ነውና፥ እንደ ደንቡ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በበቅሎ ተቀምጠው አብረዋቸው ሄዱ።

መንገዱ ጠጠር ነበረ። ብርቱው ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ነፍቶት ነበርና ብስክሌቱ በጠጠሩ ላይ እየዘለለ ሁለት ጊዜ ጣለው። ዝግተኛው ግን ከጎማው ጥቂት አየር አስተንፍሶ ነበር። ጥቂት የላላ ጎማ ጠጠሩን አቅፎ ይይዛልና አልወደቀም። ቍልቍለት በደረሰም ጊዜ ሁለቱን ፍሬን በጥቂት በጥቂቱ ይይዝ ነበር እንጂ የፊተኛውን ብቻ በድንገት አይጨብጥም ነበር። ብርቱው ግን፦ «አንተ እንደ ኤሊ ትሄዳለህ» እያለ ይስቅበት ነበር። ዘበኛውም ይህን ሰምተው፦ «ልጄ፥ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» አሉት።

የመጀመሪያውን ሌሊት በሳንቃበር አደሩ። በማግሥቱ ሣር የሚግጠውን የጭላዳ መንጋና ቁመቱ ከሰው የሚበልጠውን ጅብራ እያዩ እስከ ጨነቅ ደረሱ። በዚያም ከስሜን ተራራ በቀር በሌላ አገር ዱር የማይገኘውን ዋልያ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ አዩት። ዘበኛውም፦ «ሰውነታችሁ ከፍታውን እንዲለምድ ነገ እዚሁ ዕረፉ» ብለው መከሯቸው። ብርቱው ግን፦ «እኔ አልደከምሁም» ብሎ እንቢ አለ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ቧሂት በር መውጣት ጀመሩ። ይህ በር ከባሕር ወለል በላይ 4,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው በባሕር ዳር ከሚያገኘው ከመቶው 60 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሳይለማመድ ፈጥኖ የወጣ ሰውም ራሱን ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ይንገዳገዳል። ይህ ሕመም ብርቱውን ከደካማው አይለይም።

ብርቱው ከሌሊት ጀምሮ ራሱን ያመው ነበር፤ ነገር ግን አፍሮ ሸሸገው። ከዳገቱ እኩሌታ በደረሱ ጊዜ ግን አስመለሰው፤ እንደ ሰካራምም ተንገዳግዶ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወዳጁንም፦ «አንተ ወደ አያትህ ሂድ፤ እኔ ጥቂት አርፌ እከተልሃለሁ» አለው።

ዝግተኛው ቀና ብሎ አየ። በሩ ቅርብ ነበረ፤ ከበሩ ወዲያም መንገዱ ቍልቍለት ነበርና ሳይመሽ ከአያቱ ቤት ይደርስ ነበር። ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ዘበኛውም፦ «የዚህ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ እዚህ ቢተኛ ላይነሣ ይችላል። እኔ በቅሎዪቱን ልሳብ፤ በላይዋ ደግፎ የሚይዘው ሌላ ሰው ግን ያስፈልጋል» አሉ።

በዚያን ጊዜ የጃን አሞራ ነጋዴዎች አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ አገራቸው ያልፉ ነበር። ዝግተኛው ጋቢውን ከብስክሌቱ ፈትቶ ለአንድ ሽማግሌ ሰጠና፦ «ይህን ለአያቴ ስጡልኝ፤ ለመምጣት አልቻለም በሉልኝ» አላቸው። ብስክሌቶቹንም ነጋዴዎቹ ተቀብለው ከመንገድ ዳር ካለች ጎጆ አኖሩላቸው። እርሱም ወዳጁን በበቅሎዪቱ ላይ ደግፎ ይዞ ወረደ።

በወረዱ ቍጥር ሕመሙ እየቀለለ ሄደ። ሳንቃበር ደርሰው ካደሩ በኋላም በሽተኛው እንጀራ በላ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነ። ከዚያም አልቅሶ፦ «ሕመሜን የሸሸግሁት እንዳትስቅብኝ ፈርቼ ነው። እኔ ስስቅብህ ስለ ነበርሁ፥ አንተም እንደ እኔ የምትሆን መሰለኝ» አለው። ወዳጁም፦ «እኔስ ስለ ደካማነቴ ብዙ ጊዜ ጠብቀኸኛል፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ነበረ» አለው። የዕረፍታቸውም ቀን አልቆ ነበርና ብስክሌቶቻቸውን አስመጥተው ወደ ከተማቸው ተመለሱ።

በሚመጣው ዓመት ከመስቀል በኋላ ሁለቱ እንደ ገና ተነሡ። በጨነቅ አንድ ቀን ሙሉ ዐረፉ። በዳገቱም ላይ ብርቱው ከወዳጁ ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር። ወደ ማታም ከአያትየው ደጅ ደረሱ። አያትየውም ያንን ጋቢ ለብሰው ወጡና ሁለቱን አቅፈው ሳሙ፤ እንዲህም አሉ፦ «ዓምና ጋቢው ብቻውን መጣ፤ ዘንድሮ ግን ልጄ ከነወንድሙ መጣ።»

በሌላው ድካም የሚስቅ ሰው የራሱን ድካም ለመናገር ያፍራል፤ በዚህም ራሱን ይጐዳል። እውነተኛ ወዳጅ ግን ካሰበው ስፍራ ቢቀር እንኳ ጓደኛውን ጥሎ አይሄድም።

ጥያቄ፦
1. ብርቱው በጠጠሩ ላይ ስለ ምን ወደቀ?
2. በከፍታ ስፍራ ለሚመጣው ሕመም መድኃኒቱ ምንድር ነው?
3. ብርቱው ሕመሙን ስለ ምን ሸሸገ?
4. ዝግተኛው ስለ ወዳጁ ምን ተወ?