አሮጌ መኪናን ወደ ጥንት መልኩ ስለ መመለስ

አሮጌ መኪናን ማሳመርና ወደ ጥንት መልኩ መመለስ ለብዙ ሰው አንድ ሥራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። የሚያሳምር ሰው «ምን ብትሆን ደስ ይለኛል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስ ሰው ግን «ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን ምን ትመስል ነበር?» ይላል። ይህንን፣ በአገራችን መንገድ ሁሉ በምትታወቀው በቮልስዋገን ምሳሌነት ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የማነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ይህችን መኪና የነደፋት ፌርዲናንድ ፖርሸ ሲሆን ፋብሪካዋ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ነበር። የመጨረሻዪቱ በ2003 በሜክሲኮ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በውሃ ሳይሆን በነፋስ ይቀዘቅዛል። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ቀርቦ ለመረመራቸው ግን እያንዳንዳቸው ዘመናቸውን ይናገራሉ።

አንደኛ፤ የኋላው መስተዋት እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ ከመካከሉ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ በኋላም ሰፊና ባለ አራት ማዕዘን ተደረገ።

ሁለተኛ፤ የጥንቶቹ ባትሪ 6 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ ቢገባባቸው አምፖሎቻቸው ይቃጠላሉ።

ሦስተኛ፤ የጥንቶቹ የቤንዚን መለኪያ አልነበራቸውም። ሞተሩ መንገራገጭ ሲጀምር ነጂው ከእግሩ አጠገብ ያለውን መዝጊያ ወደ መጠባበቂያው ቤንዚን ያዞራል። ስለዚህ ባለ ሞላላ መስተዋቷ መለኪያ ቢገኝባት፣ ያ መለኪያ ከፋብሪካ በኋላ የገባ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ መፍቻ ከማንሣት በፊት መመርመር ይገባል። ከኋላ መቀመጫ ሥር በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ተገልብጦ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። መኪናዋ በየጎኗ ፎቶግራፍ ትነሣለች። የተፈታው ቡሎን ሁሉ የነበረበት ቦታ ተጽፎበት በየጣሳው ይቀመጣል። ምትኩ ሳይገኝ የሚጣል ነገር የለም።

ይህንን የተማርሁት ከስሕተቴ ነው። ባለፈው ክረምት የአጎቴን ባለ ሞላላ መስተዋት ቮልስዋገን ስናድስ፣ በላይዋ የተደራረበውን ቀይ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ላሜራው ድረስ ፋቅሁት። ሥራዬን በኩራት ባሳየው አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና «አንተ ልጅ፣ ቀለም መሰለህ እንጂ የፋቅኸውስ ምስክራችንን ነው» አለኝ። ከቀዩ በታች የነበረው የመጀመሪያው ቀለም አብሮ ጠፍቶ ነበርና። ሁለት ቀን ስንፈልግ ሰነበትን። በመጨረሻ የፍጥነት መለኪያውን ብናወጣ፣ ከበስተኋላው ጣት የምታህል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ተገኘች። ቀለሙን ያስመሰልነው ከእርስዋ ነው።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ሁሉ ይቆይ ማለት አይደለም። ያረጀ ጎማና የደረቀ የፍሬን ቱቦ የሰው ሕይወት ያጠፋሉና በአዲስ መለወጥ አለባቸው። የበሰበሰ ላሜራም ተቆርጦ በብየዳ ይተካል እንጂ ዝገቱ በስቱኮ አይሸፈንም። የተለወጠው ሁሉ ግን በደብተር ይጻፍ፤ ነገ መኪናዪቱን የሚረከብ ሰው የፋብሪካውን ሥራና የኛን ሥራ ለይቶ ማወቅ ይገባዋልና።

ውድ ጓደኞቼ፣ በየቤታችን አሮጌ ራዲዮ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም ሰዓት አይጠፋም። ልናድሰው ስንነሣ አስቀድመን እንመርምረው፤ የፋቁትን መልሶ ማግኘት ለኔ እንደ ሆነልኝ ሁልጊዜ አይሆንምና።