«ራን» ማለት «ሮጠ» ብቻ ነውን?



በዛሬው የቋንቋ ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሏ «ራን» ናት። በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ያላት ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ትርጉሟ ምንድን ነው ብትባሉ ጥያቄው ሳያልቅ «ሮጠ!» ትላላችሁ። እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። ይህን እምነቴን ያፈረሰችብኝ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የደረሰኝ በየጥኖራ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ራን = ሮጠ» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹም እየተቀባበሉ ጮኹና በቃላቸው ያዙት። በማግስቱ «ሂዝ ፋዘር ራንስ ኤ ሾፕ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እንዲመልሱ አዘዝኳቸው። ልጅቷ «አባቱ ወደ ሱቅ ይሮጣል» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ዜሮ ሰጠኋት። ደብተሯን ይዛ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ቲቸር፣ ትናንት ሮጠ ነው ብለውን የለም እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ዜሮው የኔ እንጂ የሷ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጇን አላወጣችም። ያስተማሩትን በትክክል ይዞ የመጣ ልጅ ከተቀጣ፣ ሁለተኛ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሀ/ የቃሏ ዋና ዋና ትርጉሞች

1. በእግር መሮጥ፦ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ የፈጸመው በዚህኛው ትርጉም ነው። እዚህ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ይገጥማሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

2. መፍሰስ፣ መውረድ፦ ሙጋ ከጮቄ ተነስቶ ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ ቧንቧ ሲፈስ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ አፍንጫው ሲፈስ እንግሊዝኛው ለሁሉም «ራን» ይላል። የጥለት ቀለም በእጥበት ቢለቅ እንኳ ቃሉ ያው ነው።

3. መመላለስ፦ አውቶቡስ በቢቸናና በሞጣ መካከል ሲመላለስ።

4. መሥራት፦ የወፍጮ ሞተር ተነስቶ ሲሠራ።

5. ማስተዳደር፣ ማካሄድ፦ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ማኅበር። የኔ ተማሪ የተሰናከለችው እዚህ ላይ ነው።

6. መዘርጋት፣ ማለፍ፦ መንገዱ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣ ይደርሳል። መንገዱ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ እንግሊዝኛው ግን «ራንስ» ይለዋል።

7. ለምርጫ መወዳደር።

8. ከትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር ደግሞ ሌላ ነው። «ራን አውት ኦፍ ቾክ» ጠመኔ አለቀብን ማለት ነው። «ራን ኢንቱ» ሰውን ሳያስቡት ማግኘት ወይም መጋጨት ነው። «ራን ኦቨር» መኪና በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ሲሄድበት ነው።

ለ/ ትርጉሞቹ በምን ይገናኛሉ?

ዝርዝሩ ሲታይ ያስፈራል። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሥሩም ሳያቋርጡ ወደፊት መሄድ ነው። እግር ሲሄድ ሩጫ ነው፤ ውኃ ሲሄድ መፍሰስ ነው፤ ሞተር ሲሄድ ሥራ ነው፤ ዓይን መንገዱን ተከትሎ ሲሄድ መዘርጋት ነው። የነበረው ዕቃ ሄዶ ሄዶ ሲጨርስ ደግሞ አለቀ ይባላል።

«ማስተዳደር» ከየት መጣ? አማርኛ ራሱ የሄደውንና ሌላውን የሚያስኬደውን የሚለየው በግሡ ላይ ምልክት በመጨመር ነው፦ ሄደ፣ አስኬደ፤ ሮጠ፣ አስሮጠ። እንግሊዝኛዋ ቃል ግን ቅርጿን ሳትለውጥ ሁለቱንም ትሆናለች። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ተሳቢ ሲከተላት ነው። ሱቁ ተሳቢ ስለሆነ አባትየው ሱቁን «ያስኬዳል» ማለት ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ወደ» የሚል ቃል የለም፤ ልጅቷ ከራሷ የጨመረችው ነገሩ ስሜት እንዲሰጥ ብላ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ስንፍና ሳይሆን ማሰብ ነው! እኔ ግን ዜሮ ሰጠሁት።

ሐ/ መዝገበ ቃላት ምን ይላል?

በ1989 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሁለተኛው የኦክስፎርድ ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እትም በትርጉም ብዛት አንደኛ የነበረችው «ማስቀመጥ» የምትለዋ «ሴት» ናት (ከአማርኛችን ሴት ጋር እንዳትምታታ!)። 430 ያህል ትርጉም ነበራት። ለሦስተኛው እትም ዝግጅት ሲደረግ ግን «ራን» በግሥነቷ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጥሮላት ቀደመቻት። ይህ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ተነገረ።

ታዲያ 645ቱን ልናስጠና ነው? አይደለም። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መንገዱን ያሳየናል። እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛው ያቀርባል እንጂ ባዶውን አያስቀምጠውም። ቃል የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው።

መ/ የኛስ ቋንቋ?

«ፈረንጅ ቋንቋውን ያወሳስባል» የሚል አይጠፋም። እስቲ «መታ»ን እንይ። ኳስ መታ፣ ከበሮ መታ፣ ማኅተም መታ፣ ታይፕ መታ፣ ምች መታው፣ በረዶ ጤፉን መታው። እነዚህን ማንም ልጅ ሳይማር ያውቃቸዋል። አንድ የውጭ አገር ሰው «መታ» ማለት በዱላ መምታት ብቻ ነው ብሎ ቢይዝ፣ ማኅተም የሚመታውን ጸሐፊ ምን ብሎ ሊረዳው ነው?

ሠ/ በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

1. አንድን ቃል በእኩል ይሆናል ምልክት ብቻ ሰሌዳ ላይ አንስቀል። በዓረፍተ ነገር እንስጥ።

2. የዕለቱን ትርጉም ብቻ እናስተምር፤ ነገር ግን «ለዛሬ» እንበል። «ራን ለዛሬ ሮጠ ነው፤ ሌላም አለው» ብል ኖሮ ልጅቷ አትሰበርም ነበር።

3. ከማረማችን በፊት «ይህን እንዴት አገኘሽው?» ብለን እንጠይቅ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀምጦ ነበር። «ራን = ሮጠ» ብሎ የሄደ ልጅ በባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ የደም ሥር በክንድ ላይ «ሲሮጥ»፣ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ የተራራ ሰንሰለት «ሲሮጥ» ያገኘዋል። ያን ጊዜ የሚከብደው ባዮሎጂው ሳይሆን እኛ የሰጠነው ግማሽ ትርጉም ነው።

በልምምዱ ማብቂያ ላይ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅኩና በ«መታ» ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አዘዝኳቸው። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች፦

«በረዶ የአባቴን ጤፍ መታው።»

መቶ ከመቶ ሰጠኋት።

መልመጃ፦ «ያዘ» የሚለውን ግሥ በስምንት ልዩ ልዩ ትርጉም ዓረፍተ ነገር አግቡበት። ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ስንት የተለያየ ቃል እንዳስፈለጋችሁ ቁጠሩ። መልሳችሁን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።