ዝናቡ ባባራ ጊዜ፦ የቶያ ማሩ መርከብ ታሪክ



መስከረም 16 ቀን 1947 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። በአገራችን የደመራ ዕለት ነው። ሕዝቡ ችቦውን ይዞ በሚሰበሰብበት በዚያው ቀን፥ ከእኛ ስድስት ሰዓት በሚቀድመው በጃፓን አገር ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በአንዲት መርከብ ውስጥ ከማዕበል ጋር ይታገሉ ነበር። የመርከቢቱ ስም ቶያ ማሩ ይባላል። «ቶያ» በሰሜን ጃፓን የሚገኝ የአንድ ሐይቅ ስም ነው፤ «ማሩ» የሚለውን ቃል ደግሞ ጃፓኖች በመርከብ ስም መጨረሻ ላይ ይጨምሩታል። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1954 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን እንደ ልማዳችን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ጃፓን የደሴቶች አገር ነች። ትልቁ ደሴት ሆንሹ፥ በስተ ሰሜን ያለው ደግሞ ሆካይዶ ይባላል። በሁለቱ መካከል ጹጋሩ የተባለ ጠባብ ባሕር አለ። በዚያን ዘመን ከደሴት ወደ ደሴት የሚሄድ መንገደኛ በባቡር እስከ ባሕሩ ዳር ይመጣና በመርከብ ተሻግሮ በማዶው እንደ ገና በባቡር ይቀጥል ነበር። ከሃኮዳቴ ወደብ እስከ አኦሞሪ ወደብ 113 ኪሎ ሜትር ሲሆን መርከቡ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። መርከቦቹ የመንግሥት ምድር ባቡር ንብረት ነበሩ፤ ሰው ብቻም ሳይሆን የባቡሩን ፉርጎዎች ጭምር ይጭናሉ። በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ሐዲድ ተዘርግቷል። ፉርጎው ከወደቡ ሐዲድ በመርከቢቱ ጅራት በኩል ይገባና በሰንሰለት ይታሰራል።

ይህን የጅራት ነገር ልብ በሉ። የኋላ መዝጊያውን አውርዶ የሚሄድ የጭነት መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቶያ ማሩም እንደዚያ ነበረች፤ ፉርጎው የሚገባበት አፍ መዝጊያ አልነበረውም። ማዕበል ቢመታው ውሃው ገብቶ ተመልሶ ይወጣል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ደግሞም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሲሆን ኖሯል።

በዚያ እሑድ የዓመቱ 15ኛ ታይፉን ከደቡብ እየገሠገሠ ይመጣ ነበር። ታይፉን ማለት በዚያ አካባቢ የሚነሣ፥ ንፋስና ዝናብ ይዞ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ የሚጓዝ ታላቅ ዐውሎ ነው። በመካከሉ «ዓይን» የሚባል ስፍራ አለው፤ ዓይኑ በላያችሁ ሲያልፍ ንፋሱ ይቆማል፥ ሰማዩም ይጠራል። በኋላ ግን ንፋሱ በሌላ በኩል ዞሮ ይመለሳል። ይህን የመርከብ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። የቶያ ማሩ አዛዥ ካፒቴን ኮንዶ ሄይኢቺም በዚህ ባሕር ብዙ የተመላለሰ፥ የአየር ጠባይ በማወቅም የታወቀ ሰው ነበረ።

መርከቢቱ መነሣት የነበረባት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ነበር። ነገር ግን ቀደም ብላ የወጣች ሌላ መርከብ ማዕበሉን ፈርታ ስለ ተመለሰች፥ በእርሷ የነበሩት መንገደኞች ወደ ቶያ ማሩ እንዲዛወሩ ሆነ። ከእነዚህ መካከል በጃፓን የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮችም ነበሩባቸው። በዚህ ሥራ ሰዓቱ አለፈ። ከዚያ ደግሞ በወደቡ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ጠፋና ፉርጎ የሚሻገርበት ድልድይ ሳይነሣ ቀረ። ካፒቴኑም ጊዜው እንዳለፈ አይቶ ከ9 ሰዓት በኋላ ጉዞውን ሰረዘ። ብዙዎች በኋላ «ያ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ቀድማ ትሻገር ነበር» ብለዋል። ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ አሳብ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ይህ ባይሆን ኖሮ» የሚባል አንድ ትንሽ ነገር አይጠፋምና።

በማዶው በአኦሞሪ የነበረችው ዮቴይ ማሩ የተባለች መርከብ በዚያ ምሽት ከወደብ አልወጣችም፤ ሳትጎዳም አደረች።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ በሃኮዳቴ ዝናቡ አባራ። ንፋሱ ረገበ፤ ሰማዩም ተከፈተ። ካፒቴኑ ይህ የታይፉኑ ዓይን ነው፥ ዐውሎውም እያለፈ ነው ብሎ ፈረደ። እስከ ቀትር ድረስ ታይፉኑ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይመጣ ስለ ነበር፥ በሒሳቡ መሠረት በዚያ ሰዓት ሃኮዳቴን ማለፍ ነበረበት። ሒሳቡ ልክ ነበረ። ታይፉኑ ግን ከሆካይዶ በስተ ምዕራብ ባለው ባሕር ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ ኃይሉን ጨምሮ ነበር። በሃኮዳቴ ላይ የታየው ብርሃን ከዓይኑ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ዋናው ዐውሎ ገና አልደረሰም። ዛሬ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ዳመናውን ያሳየናል። በ1954 ግን ሳተላይት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ካፒቴኑ በእጁ የነበሩት ባሮሜትር፥ ሬዲዮና ሰማዩ ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ንባቡን ገታ አድርጋችሁ በየቡድናችሁ ተነጋገሩበት። እናንተ በካፒቴኑ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከሰዓታት በፊት «አንሄድም» ብሎ ጉዞውን የሰረዘው ይኸው ጠንቃቃ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ተሳፋሪ ይጠብቃል፥ ፉርጎዎቹ ተጭነዋል፥ ሰማዩም ጠርቷል። መልሱ የሚቀልለው መጨረሻውን ለምናውቅ ለእኛ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ያነበበ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ጳውሎስን የያዘችው መርከብም ከቀርጤስ የተነሣችው ለስለስ ያለ የደቡብ ነፋስ ነፍሶ ሰዎቹ ያሰቡት እንደ ተሳካላቸው በመሰላቸው ሰዓት ነው። ጥቂት ቆይቶ ታላቁ ዐውሎ ወረደባቸው። በዚያ 276 ሰዎች ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ደረሱ፤ በጃፓኑ ግን እንደዚያ አልሆነም። በቶያ ማሩ ውስጥም የሚጸልዩ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ይህን ልዩነት ለማስረዳት አልደፍርም።

ቶያ ማሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ39 ተነሣች። የወደቡን መከላከያ ግንብ አልፋ ስትወጣ ንፋሱ ከደቡብ በኩል በኃይል ያዛት። የሃኮዳቴ ባሕር በዚያ አቅጣጫ የተከፈተ ስለ ሆነ ማዕበሉን የሚያግደው ነገር የለም። ካፒቴኑ ወዲያው መሳሳቱን ዐወቀ። ወደ ባሕሩ መሀል መዝለቅ አይቻልም፤ በዚያ ንፋስ ወደ ወደቡ መመለስም አደገኛ ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ መልሕቆቹን ጥሎ፥ ሞተሩንም እያሠራ ዐውሎው እስኪያልፍ ለመቆየት ወሰነ። የንፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 40 ሜትር ደረሰ፤ ይህ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው ያ የተከፈተ ጅራት ነገሩን የወሰነው። ማዕበሉ በጅራቷ በኩል ሐዲዱ ወዳለበት ወለል ይገባል። እንደ ቀድሞው ተመልሶ መውጣት ነበረበት፤ ግን አልወጣም። በኋላ ባለሙያዎች በጥናት እንደ ደረሱበት፥ የማዕበሉ ርዝመት ከመርከቢቱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ አንዱ ውሃ ሳይወጣ ሌላው ይደርስበታል። ቶያ ማሩ 118 ሜትር ያህል ትረዝም ነበር፤ የዚያ ሌሊት ማዕበልም ከዚሁ የሚቀራረብ ነበረ። ውሃው በወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ታች ወረደ። በታች ያለው ደግሞ ድንጋይ ከሰል የሚነድድበት ክፍልና ሞተሩ ነው። ሠራተኞቹ እስከ ጉልበታቸው፥ ቀጥሎም ከዚያ በላይ በውሃ ውስጥ ቆመው ከሰሉን በአካፋ ይጨምሩ ነበር። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ።

የቀረው አንድ ተስፋ ነበር። ከወደቡ አጠገብ ናናኤ የሚባል አሸዋማ የባሕር ዳር አለ፤ መርከቢቱን እዚያ አሸዋ ላይ ማስቀመጥ ይቻል ይሆን? ንፋሱ ራሱ ወደዚያ ገፋት። ከ4 ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብሎ የመርከቢቱ ታች አሸዋ ነካ። ተሳፋሪዎቹም መርከቢቱ መሬት እንደ ያዘች ተነገራቸው፤ ብዙዎች ተረፍን ብለው ነበር። የነካችው ግን ከባሕሩ ዳር ርቆ ማዕበሉ የቆለለውን አሸዋ ነው። በዚያ ላይ እንደ ተደገፈች ማዕበሉ ከጎን ይመታት ጀመር። ፉርጎዎቹ ሰንሰለታቸውን በጥሰው ተገለበጡ። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ላይ፥ የባሕሩ ዳር በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ሳለ፥ ቶያ ማሩ ተገለበጠች። በታችኛው ወለል በሰሌን ላይ ተቀምጠው የነበሩት የዝቅተኛው ማዕረግ ተሳፋሪዎች መውጫ አጡ።

በእኛ አገር ያን ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ43 ነበር።

የሞቱት ወደ 1,150 ይጠጋሉ፤ የተረፉት 150 ያህል ናቸው። ካፒቴን ኮንዶም ከሞቱት አንዱ ነው። በዚያው ሌሊት በዚያው ባሕር አራት የጭነት መርከቦች ደግሞ ሰጠሙ፤ ከአንደኛዋ አንድም ሰው አልተረፈም። የሁሉም ሲደመር ከ1,400 በላይ ነፍስ ጠፋ።

አሁን ስለ ሁለት ሰዎች ልንገራችሁ። በቶያ ማሩ ከተሳፈሩት መካከል ሚስዮናውያን ነበሩ። አንዱ አልፍሬድ ራስል ስቶን የሚባል ካናዳዊ ሲሆን፥ በጃፓን ገጠር ከገበሬዎች ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራ ነው። ሁለተኛው ዲን ሊፐር የሚባል አሜሪካዊ፥ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በተማሪዎች መካከል ያገለግል ነበር። ከዳኑት ሰዎች እንደ ተሰማው፥ መርከቢቱ ስትናወጥ ሊፐር በእጁ ትንንሽ የማታለያ ጨዋታዎችን እያሳየ የሚያለቅሱትን ሕፃናት ያጫውት ነበር። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሲታደል ሁለቱም ሰዎቹን ያለብሱ፥ ገመዱንም ያስሩላቸው ነበር። በመጨረሻም የራሳቸውን ሰደርያ ለሌሎች ሰጡ። ሁለቱም ሞቱ።

ይህ ታሪክ በጃፓን በሰፊው ታውቋል። አያኮ ሚውራ የምትባል የሆካይዶ ክርስቲያን ደራሲ በ1964 መውጣት በጀመረው «ሂዮተን» በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ አስገብታዋለች፤ በዚያ ሚስዮናዊው የሰደርያዋ ገመድ ለተበጠሰባት ሴት የራሱን ይሰጣል። ሴትዮዋ የደራሲዋ ፈጠራ ነች። ስለዚህ ልብ ወለዱንና የተፈጸመውን ነገር እንዳናደባልቅ ያስፈልጋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰደርያውን ከመስጠታቸው በፊት ያደረጉት ነው። ወለሉ በሚዘምምበት፥ ሰው በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ ቆሞ የማያውቀውን ሰው ገመድ ማሰር፥ ቀጥሎም ወደሚቀጥለው ሰው መሄድ። ይህ በአንድ ደቂቃ ግለት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ረጅም ሰዓት የወሰደ የእጅ ሥራ ነው።

ስለ ጥፋተኛው ብዙ ክርክር ተደረገ። በ1955 በሃኮዳቴ የባሕር አደጋን የሚመረምረው ችሎት ካፒቴኑ በሥራው ጥፋት እንደ ፈጸመ ፈረደ፤ ነገር ግን የመርከቢቱን አሠራርና የምድር ባቡሩን አመራር ጭምር ወቀሰ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ክፍል የሚገባውን ያህል አልተነገረም። ካፒቴኑ በአንድ ምሽት ተሳሳተ፤ ጅራቷ ግን ከተሠራች ጊዜ ጀምሮ ክፍት ነበረ፥ በየቀኑም ሰዎች አጠገቡ ያልፉ ነበር። ከአደጋው በኋላ በአዲሶቹ መርከቦች ጅራት ላይ ውሃ የማያስገባ መዝጊያ ተደረገ። መርከብ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለውንም ካፒቴኑ ብቻውን ሳይሆን በየብስ ካሉት ኃላፊዎች ጋር ተመካክሮ እንዲወስን ሆነ።

ከባሕሩ በታች ዋሻ የመቆፈሩ አሳብ ቀድሞ በ1946 ጥናት ተጀምሮለት ነበር፤ የቶያ ማሩ አደጋ ግን የአገር ጉዳይ አደረገው። ሴይካን የሚባለው ይህ ዋሻ 53 ኪሎ ሜትር ከ850 ሜትር ይረዝማል። ሲሠራ 34 ሠራተኞች ሞተውበታል። ማርች 13 ቀን 1988 የመጀመሪያው ባቡር አለፈበት፤ በዚያው ቀን የምድር ባቡሩ የመርከብ መስመር ተዘጋ። በናናኤ የባሕር ዳር ለሞቱት መታሰቢያ የቆመ ድንጋይ አለ፤ ሴፕቴምበር 26 ቀን መታሰቢያ ይደረግላቸዋል። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 16 ላይ ይውላል።