የየቲም ተማሪ ክብርና አማና



በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው ርእስ ባለፈው ዓመት ኮሚቴያችንን ክፉኛ ካከራከረ ጉዳይ የመነጨ ነው። ማኅበራችን ከሚረዳቸው ልጆች አንዱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሒሳብ ፈተና ላይ አጤሬራ ይዞ ተገኘ። ፈታኙ ወረቀቱን ወሰዱበት፤ ትምህርት ቤቱም እናቱን አስጠራ። ከመካከላችን ከፊሉ «የለጋሾችን ገንዘብ ለሚኮርጅ ልጅ አንሰጥም፤ ድጋፉ ይቋረጥ» አለ። ከፊሉ ደግሞ «አባት የሌለው ልጅ ነው፤ ይታለፍ» ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ወገኖች መሳሳታቸውን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ኩረጃ ቀላል ጥፋት አይደለም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢሰዱ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ ነክቶት መሆኑን ቢነግራቸውም፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። የፈተና ውጤትም እንዲህ ያለ ክምር ነው። በካርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ከሥሩ ካለው እውቀት ጋር ካልተስማማ፣ ነገ በዚያ ካርድ ሐኪም በሆነው ሰው እጅ የሚታከመው በሽተኛ እርጥቡን እህል ገዛ ማለት ነው። ጉዳቱ ለሌሎችም ይተርፋል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የመግቢያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ሲሰረዝ፣ ሌሊቱን በሐቅ ሲያጠና ያደረው ተማሪም አብሮ ዳግመኛ ለመፈተን ተገድዷል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛውሮ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሰጥ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህን ምክንያት ሁሉ በኩረጃ ማላከክ ፍትሕ አይሆንም፤ ሆኖም ክምሩ ሲገለጥ ምን ያህል እርጥብ እንደ ነበረ ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ «ይታለፍ» ያልነው ወገኖች ልጁን አላከበርነውም። የቲም በመሆኑ ብቻ ከሌሎች ያነሰ ታማኝነት ይበቃዋል ማለት፣ ጎደሎ አድርጎ መቁጠር ነው።

«ይቋረጥ» ያልነውስ? ሁለት ሰዎች ወደ ቤቱ ላክን። እናቱ ጉልት ቸርችረው ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ኡስታዝ፣ ከሰባ በታች ካመጣሁ የቤት ኪራዩ ይቀራል ብዬ ነው» አለ። በእርግጥም የእርዳታ ቅጻችን አማካይ ውጤቱ ከ70 በታች የሆነ ተማሪ ድጋፉ «እንደገና ይታያል» ይል ነበር። እኛ ይህን የጻፍነው ለትጋት ማበረታቻ ብለን ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ግን የእናቱና የእኅቶቹ መጠለያ በእርሱ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ እንደ ተንጠለጠለ አድርጎ አነበበው። አልተሳሳተም።

በዚያው ዕለት ሌላም ነገር ሰማን። ደብተርና የደንብ ልብስ ስናከፋፍል ልጆቹን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በስም እየጠራን አሰልፈን ፎቶግራፍ አንሥተናቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ጓደኞቻቸው ዘንድ መጠሪያቸው «የእርዳታ ልጆች» ሆኗል። በሱረቱል በቀራ ምጽዋትን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑ፣ ሰውሮ ለድሆች መስጠት ግን የተሻለ መሆኑ ተነግሮናል። እኛ መልካሙን ይዘን የተሻለውን ትተናል። በአደባባይ ክብሩን የወሰድንበትን ልጅ በፈተና ክፍል ውስጥ «ክብርህን ጠብቅ» ማለታችን ይከብዳል።

በዚህ ረገድ የኢማም አሽ-ሻፊዒ (ረሒመሁላህ) ልጅነት ብዙ ያስተምረናል። በ150 ዓመተ ሂጅራ በጋዛ ተወለዱ፤ አባታቸው ሞተው ሳለ በሁለት ዓመታቸው ገደማ እናታቸው ወደ መካ ወሰዷቸው። ለመምህሩ የሚከፈል ገንዘብ እናትየዋ አልነበራቸውም። መምህሩ ግን ወጣ ሲሉ ሌሎቹን ልጆች እንዲጠብቁላቸው አደረጉ፤ ያንንም በክፍያ ፈንታ ተቀበሉ። እስቲ ይህን ልብ እንበል፦ ከክፍሉ ሁሉ ድሃ የነበረው የቲም የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። መምህሩ የሰጡት አማና ነበር።

ሱረቱ አን-ኒሳእ አሳዳጊዎች የቲሞችን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ቅን አእምሮ ባዩባቸው ጊዜም ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ያዛል። የሻፊዒያ ሊቃውንት ፈተናው በተግባር እንዲሆን አስረድተዋል፤ የነጋዴ ልጅ በመሸጥና በመግዛት፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ ይፈተናል። ይህ እንግዲህ ልጁ ገና በአሳዳጊው እጅ ሳለ፣ ቢሳሳትም ሊታረም በሚችልበት ጊዜ የሚደረግ ነው። በእኛ ቅጽ ግን አንድ ስሕተት የመጨረሻው ስሕተት ነበር።

ከብዙ ምክክር በኋላ ድጋፉ እንዲቀጥል ወሰንን። የ70ውን አንቀጽ ሰረዝነው፤ ደብተሩም ከዚህ ዓመት ጀምሮ በእናቶች እጅ፣ ከቢሮአችን በጸጥታ ይወሰዳል። በፈተናው ያገኘው ዜሮ ግን እንዲነሣለት ትምህርት ቤቱን አልለመንንም። መምህሩንም ይቅርታ የጠየቀው እናቱን ወይም እኛን አማላጅ ሳይልክ፣ ራሱ ሄዶ ነው። ከዚያም የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት የምንሰጥበትን ክፍል የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ቁልፍ ሰጠነው፤ ለታናናሾቹ መጻሕፍት የሚያውሰውና መዝግቦ የሚመልሰው እርሱ ሆነ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ሌሎች ልጆች ምን ይማራሉ ይላሉ። ጥያቄያቸውን አንንቅም።

በሁለተኛው ወር ሁለት መጻሕፍት ጎደሉ። ቆጠራው ሊደረግ ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ልጁ መዝገቡን ይዞ ወደ ቢሮ መጥቶ ራሱ ነገረን። አንዱ ተገኝቷል፤ ሌላውን እየፈለገ ነው።