በሱቁ ደጃፍ የቆመ መኪና

በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ከደጃችን ያለውን ጉዳይ ነው። ይኸውም በሱቆች አካባቢ በመኪና ማቆሚያ ምክንያት በጎረቤታሞች መካከል የሚነሣው ጠብ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች በዚህ ሳቢያ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ሲደርሱ አይተናል።

በእኛ ሰፈር የሆነው እንዲህ ነው። እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ለእግረኛ የተለየ መሄጃም የለውም። በአንድ ወገን ሱቅና ዳቦ ቤት፣ በሌላው ወገን መኖሪያ ግቢዎች አሉ። ለሱቁ ለስላሳ የሚያመጣው የጭነት መኪና ደጃፉ ላይ ይቆማል። ደንበኞችም «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» እያሉ መኪናቸውን የሰው በር ላይ ያቆማሉ። የግቢው ባለቤት መውጫ ሲያጡ ይቆጣሉ። ባለሱቁም «ደንበኞቼን አያባርሩብኝ፤ እንጀራዬ ነው» ይላሉ።

እኛ ወጣቶች ለማስታረቅ ተነሣን፤ ግን ተሳሳትን። የግቢው ባለቤት ልጅ ጓደኛችን ስለሆነ የእሳቸውን ወገን ይዘን ወደ ባለሱቁ ሄድን። እሳቸውም «ከረሜላ በዱቤ ስሰጣችሁ ያደጋችሁ ልጆች ዛሬ ፈራጅ ሆናችሁብኝ?» አሉን። አፍረን ተመለስን።

በዚያው ሳምንት ዳቦ እንድትገዛ የተላከች የሰባት ዓመት ልጅ ከቆመው የጭነት መኪና ፊት ብቅ ስትል አንድ ታክሲ ለጥቂት ሳታት። ደንግጣ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ ዳቦውም መሬት ላይ ተበተነ። ልጅቷ የባለሱቁም የግቢው ባለቤትም ልጅ አልነበረችም፤ በጠቡ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበራትም። የቆመ መኪና ቦታ ብቻ እንደማይይዝ፣ ዓይንም እንደሚጋርድ ያን ጊዜ ተረዳን።

እስቲ በስሌት እንየው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ 5 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ድምሩ 13 ሜትር ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ግን ፍሬን እስኪይዝ 14 ሜትር፣ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር፣ በድምሩ 28 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሳይሞላ ርቀቱ ከእጥፍ አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን ገልጿል። ይህም የእኛው ዕድሜ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ፍርድ ሳይሆን ሜትር ይዘን ሄድን። ሁለቱንም አባቶች ልጅቷ ብቅ ባለችበት ቦታ አቁመን «እስቲ በልጅ ቁመት ዝቅ ብለው ይመልከቱ» ብለን ለመንናቸው። ባለሱቁ ዝቅ ብለው አዩ፤ የሚመጣውን መኪና ማየት አልቻሉም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ለካ እኔም አላየሁም» አሉ።

ከዚያም በሦስት ነገሮች ተስማሙ። አንደኛ፣ የጭነት መኪናው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣታቸው በፊት ማልዶ እንዲያራግፍ፤ ሁለተኛ፣ ልጆች በሚሻገሩበት በኩል አሥር ሜትር ያህል ነጻ ሆኖ በተቀቡ ድንጋዮች እንዲከለል፤ ሦስተኛ፣ የግቢው በር እንዳይዘጋ ባለሱቁ ራሳቸው ለደንበኞች እንዲናገሩ።

ጠቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ እንግዳ ሹፌር ዛሬም ድንጋዩን አልፎ ይቆማል። ቢሆንም ሁለቱ አባቶች አሁን አብረው ይናገሩታል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው፣ ሌላው ከጣራው ወድቆ እንዳይሞት መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ቤቱ የራሱ ነው፤ የሚወድቀው ግን ሌላ ሰው ነው። መኪናችንንም ስናቆም «ተፈቅዶልኛል ወይ?» ከማለት አልፈን «ማንን ጋረድሁ?» ብለን እንጠይቅ።

ለውይይት፦ በሰፈራችሁ ሱቅ ፊት ልጆች የሚሻገሩት በየት በኩል ነው? እዚያ ቆማችሁ በልጅ ቁመት ዝቅ ስትሉ ምን ይታያችኋል?