ብልሽቱ የት ነው?

አንድ ሰው ታመመ እንበል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ራሱን ያመመውን ሰው እግሩን ቢያክሙት አይድንም። የዕቃም ብልሽት እንደዚሁ ነው። በዚህ ትምህርት፣ ላፕቶፓችን ከቤታችን ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲል ብልሽቱ የት እንዳለ እንዴት እንደምናውቅ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ በእኛ ቤት የደረሰውን እንንገራችሁ። የእህታችን ልጅ የትምህርት ዕድል ለማግኘት ማመልከቻ ታዘጋጅ ነበር። ማመልከቻው የሚላከው በኢንተርኔት ነው። የመጨረሻው ሰዓት የዚያኑ ዕለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ስትከፍት ኢንተርኔት የለም። «ኧረ ዛሬ ምን ነካው!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ተሰበሰብን። አንዱ «ሠሪ ይጠራ» አለ። ሌላው «አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ» አለ። ከመካከላችን አንዱ ግን ምንም ሳይጠይቅ መርፌ አመጣና ከዋይፋዩ ሳጥን ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተጫነ። ወዲያው የሁላችንም ስልክ ኢንተርኔት አጣ። ስልኮቹ እኮ እስከዚያ ድረስ በዚያው ዋይፋይ ደኅና ይሠሩ ነበር! የአንድ ላፕቶፕ ችግር የቤቱ ሁሉ ችግር ሆነ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው ይኸው ነው።

ለመሆኑ ያቺ ቀዳዳ ምንድን ናት? አጠገቧ «ሪሴት» የሚል ጽሑፍ አለ። ለጥቂት ሰከንድ ተጭነን ከያዝናት ሳጥኑ የተሞላለትን ሁሉ ይረሳል። እኛ ያወጣንለት የዋይፋይ ስም ይጠፋል፤ ፓስወርዱም ይጠፋል። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት የሞላው የደንበኛ መለያም ሊጠፋ ይችላል። በእኛ ቤት የሆነው ይህ ነው። ሠራተኛ መጥቶ እንደገና እስኪሞላው ድረስ 3 ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየን።

እንግዲህ ብልሽቱን ለመፈለግ መንገዱን ማወቅ አለብን። ኢንተርኔት ከውጭ በሽቦ ወይም በፋይበር መስመር ወደ ቤታችን ይገባል። ከዚያም ራውተር ወደሚባለው ሳጥን ይደርሳል። ሳጥኑ በአየር ላይ በሬዲዮ ሞገድ ይልከዋል። ላፕቶፑ ይህን ሞገድ ይቀበላል። ስለዚህ ብልሽቱ ከአራት ቦታ በአንዱ ነው፦ ከመስመሩ፣ ከሳጥኑ፣ ከመካከላቸው ካለው ርቀት ወይም ከላፕቶፑ።

አንደኛ፣ መብራት መኖሩን እንይ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል። ሳጥኑ ግን ባትሪ ከሌለው ይጠፋል። መብራት ሲመለስም ወዲያው አይደርስም፤ ጥቂት ደቂቃ እንጠብቀው።

ሁለተኛ፣ በስልክ እንፈትን። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው። ግን እንዳንታለል የስልኩን የሞባይል ዳታ እናጥፋ። ዳታው ካልጠፋ ስልኩ በራሱ ኢንተርኔት እየሠራ ዋይፋዩ ደኅና ይመስለናል። ዳታውን አጥፍተን በዋይፋይ ብቻ ከሠራ፣ መስመሩም ሳጥኑም ደኅና ናቸው፤ ብልሽቱ ከላፕቶፑ ወይም ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ስልኩም እምቢ ካለ ደግሞ ላፕቶፑን አንነካካው።

ሦስተኛ፣ ጥፋቱ ከላፕቶፑ ከሆነ በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። የማንኛውም ዋይፋይ ስም የማይታይ ከሆነ፣ ዋይፋዩ ከላፕቶፑ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ብዙ ላፕቶፖች የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ቁልፍ አላቸው። ይህ ቁልፍ ሳይታወቅ ከተነካ የሬዲዮ ሞገዱን ሁሉ ይዘጋል። የዋይፋያችን ስም እየታየ ፓስወርዱን አልቀበልም ካለ፣ አጻጻፉን እንመርምር። በእንግሊዝኛ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያሉ። የፊደል ገበታው በአማርኛ ላይ ቆሞ እንደሆነም እንይ። ፓስወርዱ በቅርቡ ተለውጦ ከሆነ ላፕቶፑ አሮጌውን እንዲረሳ አድርገን አዲሱን እንጻፍ። ተገናኝቶ ሳለ ገጾች አልከፈት ካሉ ቀኑንና ሰዓቱን እንመልከት። የላፕቶፑ ቀን ከተሳሳተ ብዙ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማስነሣት አይከፋም።

አራተኛ፣ ርቀቱን እናስብ። ቆርቆሮና ወፍራም ግድግዳ ሞገዱን ያደክማሉ። ላፕቶፑን ሳጥኑ ካለበት ክፍል ወስደን እንሞክር። እዚያ ከሠራ ላፕቶፑ አልተበላሸም። ብዙ ሳጥኖች ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካሉ። ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ይፈጥናል፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ባለ 5ቱን ጨርሶ አያዩትም።

አምስተኛ፣ ስልኩም ላፕቶፑም እምቢ ካሉ ወደ ሳጥኑ እንሂድ። ከሶኬት ነቅለን 30 ሰከንድ ያህል ቆይተን እንሰካው። ይህ ምንም አያስረሳውም፤ ከቀዳዳዋ ጋር አናምታታው። መስመሩ ፋይበር ከሆነና ቀይ መብራት ከበራ፣ ብዙውን ጊዜ ምልክት ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። የወሩ ሒሳብ መከፈሉን እናረጋግጥ። ከዚያ ወዲያ ለድርጅቱ መደወል ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሳጥኑ ከተበላሸ በኋላ ከስልክ በሆትስፖት እናገናኛት አልን። ላፕቶፑ የስልኩንም ስም አላየም። ያን ጊዜ ነው ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የላፕቶፑ እንደነበረ የገባን። ልጅቷ መስኮቱን ስታነብ የአውሮፕላኑን ምልክት አየች። «እንዴ! ከሰዓት ፊደሎቹን በጨርቅ ስወለውል ነክቼው ነው» አለች። ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫነችው። የስልኩ ስም ታየ። ማመልከቻዋ የተላከው ሰዓቱ ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሁለት ነገር ለምደናል። የዋይፋዩን ፓስወርድና የደንበኛ መለያውን በወረቀት ጽፈን እናስቀምጣለን። አንድ ነገር እምቢ ሲለንም፣ እጃችንን ከመስደዳችን በፊት «በሌላው ላይስ ይሠራል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን።

ጥያቄዎች

1. በስልክ ስንፈትን የሞባይል ዳታውን የምናጠፋው ለምንድን ነው?
2. ሳጥኑን ከሶኬት በመንቀልና ቀዳዳዋን በመጫን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. የማንኛውም ዋይፋይ ስም ካልታየ በመጀመሪያ ምን እናያለን?
4. የእናንተ ዋይፋይ ፓስወርድ የት ተጽፎ ተቀምጧል?